ሰላጣውን ያቆመ ውሃ

ሰኞ

ውሃ መጣ፤ አባዬም መጣ። ሁለቱም በአንድ ቀን! ከመካነ ብርሃን በአይሱዙ፣ ከነላሙና ከነጥጃዋ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ጎንደር እኔ ዘንድ እንዲኖር ለምኜ ለምኜ በመከራ ነው እሺ ያለኝ፤ ያውም «ከከብቶቼ ካልለየሽኝ» ብሎ።

ማኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶ አድረዋል። ከብቶቹ ውሃ የሚባል አልቀመሱም። ላሟ ትንሽ ተጎንጭታ ወደ ድርቆሹ ዞረች። ጥጃዋ ግን አንጀቴን በላችው፤ ሳፋውን ሞላሁላት፣ ጨረሰችው። ደግሜ ሞላሁ። አባዬም «ጠጪ ልጄ፣ የከተማ ውሃ ነገ የለም» ይላታል። እውነቱን ነው። ሆዷ እስኪነፋ ጠጣች። የተረፈውን ጠውልጎ ለተኛው ሰላጣዬ አፈሰስኩለት።

ለከብቶቹ ማሰሪያ ችካል ልምታልህ ስለው «ቆይ እስቲ፣ እንየው» ብሎ ከዘይቱኑ ግንድ አሰራቸው። «እንየው» ያላት ነገር አላማረችኝም።

ማክሰኞ

ሰላጣው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጥጃዋ ወድቃለች።

ስትነሳ ትንገዳገዳለች። ሽንቷ የቀይ ሥር ውሃ ነው የሚመስለው። አባዬ «ዓይን ነው! ትናንት ጎረቤቱ ሁሉ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ሲያያት ነበር» አለ። ቀጥሎ ያለው ነው ክው ያደረገኝ። «እሷ ከሞተች ላሟም ወተት አትሰጥ፣ እኔም እዚህ አልቀመጥ። አገሬ እገባለሁ።» ጀሪካን አንጠልጥሎ ጸበል ሊያመጣላት ወጣ።

ሽንቷን እያየሁ ቆሜ ቀረሁ። ወይ ጉድ! በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምሥለው ኦስሞሲስ እኮ ነው! ያን ሁሉ ውሃ ስትጠጣ ደሟ ቀጠነ፤ ውሃው ጨው ወዳለበት፣ ወደ ደም ሴሎቿ ገባ፤ ሴሎቹ አብጠው ፈነዱ። የባዮሎጂ መምህር ተብዬ፣ ሳፋ የሞላሁት እኔ!

የእንስሳት ሐኪም ደወልኩ። ከሐኪሙ በፊት አባዬ ደረሰ፣ ጀሪካኑን ሞልቶ። «አባዬ፣ በፈጠረህ፣ ይረጭላት እንጂ አትጠጣ!»

«ጸበልም ይከለከላል እንዴ?»

«አልከለከልኩም፣ ሆዷ ውስጥ ውሃ አይጨመር ነው ያልኩት።» ተኮሳትሮ ግንባሯን፣ ጀርባዋን ረጨላት። ለእኔም ረጨኝ። አስፈልጎኝ ነበር።

ሐኪሙ መጣና «አያ፣ ምን ያህል ጠጣች?» አለ። እኔ ሳፋውን አሳየሁት፤ አባዬ ሁለት ጣቱን አወጣ። በደም ሥሯ የጨው ውሃ ቀስ አድርጎ ሰጣት። «ዛሬን ካለፈች ትተርፋለች» ብሎ ሄደ።

ረቡዕ

ቀኑን አልፋለች! ግን ገና አትቆምም። ውሃ በጣሳ፣ ቆንጠር ጨው አድርገን፣ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ።

አባዬ ሰላጣውን ሲያይ ቆየና «አንድ ውሃ ነው። ሰላጣሽን አቆመው፣ ጥጃዬን ጣላት። ምነው?» አለኝ። ከተማሪዎቼ እንዲህ የጠየቀኝ የለም።

«የሰላጣ ሴል ዙሪያው ግንብ አለው» አልኩት። «ውሃ ሲገባ ግንቡን ገፍቶ ይወጠራል፣ ቅጠሉም ይቆማል፤ አይፈነዳም። የጥጃዋ ግን ስስ ሽፋን ብቻ ነው።»

«ምስኪን፣ ግንብ የላት» አለ። ቆይቶ ደግሞ፣ «እኛ እኮ ከመንገድ የገባ ከብት ጨው አስልሰን፣ ውሃውንም በልክ ነበር የምናጠጣው። ቧንቧሽን ሳይ ልቤ ጠፋ።» ለካ እሱንም ሲበላው ነው ያደረው። ስለ መሄድ አላነሳም፤ እኔም ፈርቼ አልጠየቅኩም።

ሐሙስ

ሽንቷ ጠራ! እናቷን ጠባች። አባዬ «ሸጋ! ሸጋ!» እያለ ግቢውን ዞረው። እኔ ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ።

ቅዳሜ

ከገበያ ስመለስ ኳ ኳ ይላል። አባዬ ችካል እየመታ ነው። ሁለት፣ አንዱ ለላሟ፣ አንዱ ለጥጃዋ። የጥጃዋን ችካል ሰላጣ መደቤ መሃል ተከለው።

«እዚህ ጥላ አለው» አለኝ ቀና ሳይል።

ሰላጣው ገደል ይግባ። ማጥበቂያ ድንጋይ አቀበልኩት።