ሽታው የማን እንደሆነ ስለማሳወቅ

ኅዳር 1974 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ከፋለ አራጋው
የቀበሌያችን ሊቀመንበር
ላሊበላ

የላስታ ብርድ ጉልበትዎን ሳይነካ፣ የበዓሉ ድካም ወገብዎን ሳይዝ፣ በተለይም አፍንጫዎ በሙሉ ጤንነት እንደሰነበተ ተስፋ በማድረግ አብዮታዊ ሰላምታዬን በትሕትና አቀርባለሁ። ቀደም ሲል ያስገባኋቸው ማመልከቻዎች መልስ ስላላገኙ ይህኛውን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ሥራ የሚበዛብዎ ሰው ነዎትና ሌላው አንብቦ ይንገርዎት ብዬ ነው።

አስቀድሜ ላመስግን። ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር ለሴቶች ማኅበር የተላከው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ባለፈው ግንቦት በጭነት መኪና ከጋሸና ሲደርስ፣ ከጽሕፈት ቤትዎ ጀነሬተር መብራት የሚደርሰው ለጎረቤትዎ ለእኔ ለልብስ ሰፊው ብቻ ስለሆነ፣ ሳልጠየቅ ባለአደራ አድርገው አክብረውኛል። ቤቴ አንድ ክፍል ናት፤ እኔ፣ ባለቤቴ ሙሉዬና ወገባቸው ተይዞ አልጋ ላይ የዋሉት አማቴ እማማ አለሜ እንኖርባት ነበር። ማሽኑ ከእማማ አለሜ ራስጌ ቆመ።

እስከ ሐምሌ ድረስ የጥበቃ ጓዶችን ልብስ ሳይለግም አጠበ። ውሃውን የማኅበሩ ሴቶች በእንስራ ያመጣሉ፤ እጣቢው በጎማ ቱቦ በግድግዳው ቀዳዳ አልፎ ወደ ቦዩ ይወርዳል። ነሐሴ ላይ ግን መሽተት ጀመረ። ከሆዱ የሚወጣው ልብስ ከገባው የባሰ ሆነ፤ ጓድ ጋሻዬ የታጠበ የጥበቃ ልብሱን ለብሶ የስኳር ወረፋ ላይ ሲቆም ወረፋው በሙሉ ቦታ ይለቅለት እንደነበር አገር ያውቃል።

እኛም እጃችንን አጣጥፈን አልተቀመጥንም። ሙሉዬ ክዳኑን ከፍታ አናፈሰችው፤ ውስጡን በአመድ ፈተገችው፤ የፈላ ውሃ ከሎሚ ጋር አዞረችበት፤ እንዶድም ሞከረች። አንድ ቀን ጋብ ይልና በማግስቱ ይብስበታል። በመጨረሻ ባዶ ነው ያልነውን ብንነቀንቀው ከሥሩ ውሃ ተንቦጫረቀ። ቱቦውን ተከትዬ ወደ ውጭ ብወጣ፣ ለአብዮት በዓል ንግግር ሊያደርጉበት ያሠሩት የሲሚንቶ መድረክ ቦዩ ላይ አርፎ የቱቦውን አፍ ደፍኖታል። እጣቢው መውጫ አጥቶ ማሽኑ ሆድ ውስጥ ይበሰብሳል ማለት ነው። ስለዚህ፦

1ኛ/ ከመድረኩ ጥግ ትንሽ ተፈልፍሎ ቱቦው እንዲያልፍ አመለከትኩ። መድረኩ የሕዝብ ንብረት ስለሆነ አይነካም ተባልኩ።

2ኛ/ ካልሆነ ማሽኑ ከቤቴ እንዲወጣልኝ አመለከትኩ። ማሽኑም የሕዝብ ንብረት ስለሆነ አይነቃነቅም ተባልኩ። በቤቱ ውስጥ የሕዝብ ንብረት ያልሆንነው እኛ ብቻ መሆናችንንና መነቃነቅም የሚገባን እኛ እንደሆንን ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛውን በቁጥር ልጽፈው አልቻልኩም። በዓሉ ካለፈ በኋላ ከኮሚቴው ጋር ቤቴ ድረስ መጥተው ጎበኙን። መሐረብዎን አፍንጫዎ ላይ አድርገው ማሽኑን አዩ፤ አልጋውን አዩ፤ ቱቦው የት እንደታፈነ ሳስረዳ አዳመጡኝ። ከዚያም "የሶሻሊስት አገር ማሽን አይሸትም። ሽታው የአሮጊቷ ነው" ብለው ወጡ።

ጓድ ሊቀመንበር፣ የእማማ አለሜ ሕመም ወገባቸው ላይ እንጂ ጆሯቸው ላይ አልነበረም። በደህናው ዘመናቸው ካህናቱ ለንግሥ የሚለብሱትን ነጠላ ከሌላ ሰው ይልቅ ለእሳቸው ሰጥተው የሚያሳጥቡ፣ በንጽሕናቸው የተመሰገኑ ሴት ነበሩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሙሉዬ ጠዋት ታጥባቸዋለች፣ ከሰዓት ደግሞ እጠቢኝ ይላሉ። በጥቅምት ብርድ እየተንቀጠቀጡ ይታጠባሉ። ክንዳቸውን አሽትተው እውነት እኔ ነኝ ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ እንዳልሆኑ ማልኩላቸው፤ አላመኑኝም። አማች ሌላ ምን ሊል ይችላል?

በመጨረሻ በነአኩቶ ለአብ በኩል ወዳለው ወደ ወንድማቸው ወደ አያ ተክለ ሚካኤል ቤት እንድንወስዳቸው ለመኑን። ሙሉዬ እያለቀሰች እንቢ ስትላቸው "እኔ ልሂድና ይለይ" አሏት። በቃሬዛ ወሰድናቸው።

ለየ። እሳቸው ሄዱ፣ ሽታው ቀረ፤ እንዲያውም ከረፋ። ጎረቤቱም እየገባ አሽትቶ መሰከረ። ይህንኑ ላበሥራቸው ማልጄ ተነሥቼ ሄድኩ፤ ስደርስ ተገንዘው አገኘኋቸው። አያ ተክለ ሚካኤል እንደነገሩኝ፣ ከመሞታቸው በፊት ደጋግመው የጠየቁት "ከላሊበላ የመጣ ሰው የለም?" እያሉ ነበር።

እንግዲህ የምጠይቀው ነገር የለኝም። መድረኩም ማሽኑም በየቦታቸው ናቸው። ሙሉዬ እናቷን ቀብራ ሐዘን ላይ ሳለች የጥበቃ ልብስ ሳይታጠብ ቀረ ተብሎ በስብሰባ ላይ ሂስ ስለተደረገባት ግን፣ በሁለታችን ስም ምስጋና አቀርባለሁ።

ለወንበርዎ ዕድሜ፣ ለመድረክዎ ጽናት፣ ለመሐረብዎም ንጽሕና እየተመኘሁ፣ በታዘዝኩበት ቦታ የምገኘው ታዛዥዎ፣
ልብስ ሰፊው ገብረመስቀል ምናለ

ግልባጭ፦ ማንበብ ለሚችል ሁሉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ልለጥፍ ስወጣ ሁለተኛ ማሽን በመንገድ ላይ መሆኑን፣ የአንድ አልጋ ቦታ ስለተለቀቀም ለእኛው ቤት መመደቡን ሰማሁ። ሙሉዬ ቦታውን ጠርጋዋለች።