አባታቸው ያልሰሙት ዘፈን፦ የአቶ ፍሬው መልአኩ የሕይወት ታሪክ

አቶ ፍሬው መልአኩ ከአባታቸው ከመሪጌታ መልአኩ ተሻገር እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ታደለች አወቀ መስከረም 12 ቀን 1973 ዓ.ም. በእስቴ ወረዳ፣ ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኘው በዚሁ አጥቢያ ተወለዱ። ይህን በቀብራቸው ላይ እንዲነበብ የጻፍኩት ታናሽ እህታቸው የትናየት ነኝ። ወንድሜን «እርሳቸው» እያልኩ ስጽፍ ቢያዩኝ ኖሮ ይስቁብኝ ነበር፤ ግን የክብር ቀናቸው ነውና እንደ ወጉ አደርገዋለሁ።

አቶ ፍሬው ፊደል የቆጠሩት፣ ዳዊት የደገሙትና ጾመ ድጓ የጀመሩት ከአባታችን ዘንድ ነው። ድምፃቸው ያማረ ስለነበር አባታችን «ወንበሬን የሚረከበኝ ይኼ ልጅ ነው» እያሉ ለእንግዳ ሁሉ ይናገሩ ነበር። ወንድማችን ግን ጆሯቸው አያርፍም። አውድማ ላይ በሬ ሲነዳ የሚዘፈነውን ይዘው ይመጣሉ፤ የሰርጉን ይዘው ይመጣሉ። ከሁሉም በላይ የሚወዱት የአክስታችንን የወይዘሮ ጌጤ ተሻገርን ሙሾ ነበር። አክስታችን በታች ጋይንት ስመ ጥር አልቃሽ ናቸው። የሟቹን ስም ከነአባቱ እየጠሩ፣ እያሞገሱ ሙሾ ሲያወርዱ እንኳን ዘመድ መንገደኛም ቆሞ ያለቅሳል። አቶ ፍሬው በልጅነታቸው ያንን ዜማ ከብት ሲያግዱ ያንጎራጉሩት ነበር፤ እናታችንም «ሟርተኛ» እያሉ ይቆጧቸው ነበር።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በመካነ ኢየሱስ አጠናቀው በ1993 ዓ.ም. ለከፍተኛ ትምህርት ባሕር ዳር ገቡ። በ1997 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ሙያ ተመርቀው ወጡ። አባታችን ግን መጀመሪያ ያዩት ዲግሪውን ሳይሆን አብሮ የመጣውን ጊታር ነው። ከዚያም አቶ ፍሬው አዲስ አበባ በሙያቸው እየሠሩ፣ በትርፍ ጊዜያቸው «አውድማ» የተባለውን የሮክ ባንድ መሠረቱ። ድራም የሚመታው የወገዳው ጓዴ፣ ቤዝ ጊታር የሚጫወተው የአርብ ገበያው ፍሥሐ፣ ኪቦርድ ላይ ደግሞ የደብረ ታቦሯ ዮርዳኖስ ነበሩ። ወይዘሮ ዮርዳኖስን በ2001 ዓ.ም. በሥርዓተ ተክሊል አግብተው ቀለመ ወርቅን እና ሶልያናን ወልደዋል።

ባንዱ አንድ የስቱዲዮ አልበም ብቻ ነው ያወጣው። ሥራው ሁለት ዓመት የፈጀው አራቱ ሙዚቀኞች በአንድ ዓይነት ሙዚቃ መስማማት ስላቃታቸው ነው። ጓዴ የሚፈልገው ጆሮ የሚበሳውን ሮክ ነው፤ ፍሥሐ ሬጌ፣ ዮርዳኖስ ጃዝ ይላሉ። በመጨረሻ አቶ ፍሬው ሁሉም የየራሱን ያምጣ ብለው ፈረዱ። እኛ አገር ስንዴና ገብስ በአንድ ማሳ ተደባልቆ እንደሚዘራው ሁሉ አልበሙም «ቅይጥ» ተባለ። ከዘጠኙ ዘፈኖች አንዱ ሌላውን አይመስልም። ሮክ ወዳዱ ይኼ ሮክ አይደለም አለ፤ ሌላው ደግሞ ጩኸት ነው አለ። እኔ ወድጄዋለሁ፤ ወንድሜ ስለሆኑም ብቻ አይደለም።

ሰባተኛው ዘፈን ሙሾ ነው። አቶ ፍሬው የሰው ሙገሳ ሰውየው ሞቶ ጆሮው ከተደፈነ በኋላ መደርደሩ ያንገበግባቸው ነበር። «አባዬ እየሰሙ ላመስግናቸው» ብለው የአክስታችንን ዜማ በጊታር አጅበው አባታችንን በስማቸው አሞገሱ።

የተሻገር ልጅ፣ መልአኩ መምህሩ፣
ድምፅዎ አይደለም ወይ የቤታችን በሩ።

አልበሙ በግንቦት 2009 ዓ.ም. ወጣ። በቀጣዩ ወር፣ በአክስታችን አገር አርብ ገበያ ላይ፣ የፍሥሐ አገር ሰው የሆነ አንድ ባለሱቅ በአገሩ ልጅ ኮርቶ ድምፅ ማጉያውን ወደ ገበያው አዙሮ ከፈተው። ጊታሩን የከብቱና የሰው ጫጫታ ዋጠው፤ ዜማውና የአባታችን ስም ግን ጎልቶ ተሰማ። አባታችን ያስተማሯቸው ካህናት በጋይንት ሞልተዋል፤ ሙሾውን የሰማ ሁሉ መሪጌታ ሞቱ አለ። ገብሱን አህያው ላይ መልሶ የጫነ አለ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ደውሎ መጠየቅ ይቻል ነበር። ግን «ሞተ ወይ?» ተብሎ በስልክ ይጠየቃል? እንዲህ ያለውን የሚያደርግ የእኛ አገር ሰው የለም። አክስታችንን ደግሞ ከሐዘኑ ይልቅ ያናደዳቸው፣ ለገዛ ወንድማቸው፣ በገዛ ዜማቸው፣ ሌላ ሰው ማልቀሱ ነበር።

በማግስቱ ለቅሶተኛው ተሰብስቦ እዚህ ደረሰ። አክስታችን ደረታቸውን እየመቱ «ያለ እኔ ሙሾ ያወረደው ማን ነው?» እያሉ ግቢው ውስጥ ገቡ። አባታችን ከዛፉ ሥር ተማሪዎቻቸውን ዜማ ያስጠኑ ነበር። መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡና «ጌጤ፣ ለማን ነው የምታለቅሽው?» አሏቸው። አሁን ሲነገር ያስቃል። ያን ቀን የሳቀ አልነበረም። እናታችን ለለቅሶተኛው እራት አቀረቡ፤ በልቶ አድሮ ተመለሰ። ነገሩ ሲጣራ አባታችን ያሉት «በቁሜ አለቀሰብኝ» ብቻ ነው።

እናታችን ወይዘሮ ታደለች በየካቲት 2010 ዓ.ም. በድንገት ታመው አረፉ። ሰው መቼም ዝም አይልም፤ ዘፈኑ ሞትን ወደ ቤቱ ጠራው፣ ሞትም መጥቶ ባዶ እጁን አልሄደም ተባለ። አባታችን ይህን አላሉም፤ ሲባል ሰምተውም አልገሠጹም። በቀብሩ ላይ አቶ ፍሬው የአባታቸውን ጉልበት ሊስሙ ሲያጎነብሱ አባታችን ወደ ኋላ ሸሹ። እንባዬ የዚያን ቀን ለማን እንደፈሰሰ ዛሬም አላውቅም።

ከዚያ በኋላ አቶ ፍሬው ጊታር አልነኩም። ባንዱ ተበተነ። እርሳቸውም ከነቤተሰባቸው ደብረ ታቦር ተመልሰው የቤት መብራት እየዘረጉ፣ የተበላሸ ድምፅ ማጉያ እየጠገኑ ኖሩ። ሰባት ዓመት ያህል በየበዓሉ ለአባታቸው ልብስና ስኳር በእኔ እጅ ይልኩ ነበር። አባታችን ይቀበላሉ፤ ልብሱንም ይለብሱታል፤ ስማቸውን ግን አያነሡም። ወንድማችን አንድ ቀን መጥተው «ያለቀስኩብዎት ሳይሆን ያመሰገንኩዎት ነው» ቢሏቸው ኖሮ! አላሉም። አባታችንም አልጠየቁም። ሁለቱም ግትር ነበሩ፤ ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ፤ ሁለቱንም አዝኜባቸዋለሁ።

አቶ ፍሬው በሰኔ 2017 ዓ.ም. በኩላሊት ሕመም ታመው በባሕር ዳር ሲታከሙ ቆይተው ወደ ደብረ ታቦር ቤታቸው ተመለሱ። ባለፈው መስከረም የነፍስ አባታችን ቄስ ተክለሃይማኖት አባታችንን ይዘው ደብረ ታቦር ድረስ ሄዱ። አባታችን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የልጃቸውን እጅ ያዙ። ይቅርታ የተባባሉበት ቃል አልነበረም፤ እጁን ግን አልለቀቁትም። ቆይተው «እስቲ ያንን ዘፈንህን አሰማኝ» አሉ።

አቶ ፍሬው አልበሙን ከመጀመሪያው ጀምረው በስልካቸው ከፈቱላቸው። የጓዴ ድራም ሲያስተጋባ አባታችን «ይኼ ልጅ ጾም ያውቃል?» ብለው አሳቁን። ሬጌውን ሲሰሙ በመቋሚያቸው ወለሉን መታ መታ አደረጉ። ስድስተኛው ሲያልቅ ግን ወንድማችን ሰባተኛውን አልፈው ስምንተኛውን ከፈቱ። አባታችን ቆጥረው ነበር። «አንዱን ዘለልኸው» አሉ። «እሱን ሲሻለኝ አሰማዎታለሁ፣ አባዬ» አሉ አቶ ፍሬው። አባታችን አላስገደዱም። ልጁ ፈራ፣ አባትም ፈሩ፤ እኛም በዙሪያው የነበርነው ሁሉ፣ ያ ዜማ በታመመ ሰው ቤት እንዳይሰማ ፈራን።

አልተሻላቸውም። አቶ ፍሬው መልአኩ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በአርባ አምስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ባለቤታቸውን ወይዘሮ ዮርዳኖስን፣ ልጆቻቸውን ቀለመ ወርቅን እና ሶልያናን፣ አክስታቸውን ወይዘሮ ጌጤን፣ እህታቸውን እኔን፣ ከሁሉም በላይ አባታቸውን መሪጌታ መልአኩን ለሐዘን ትተዋል። አክስታችን ዛሬ ሙሾ ያወርዳሉ፤ ማንም አልቀደማቸውም።

ትናንት ማታ ዮርዳኖስ ስልኩን ይዛ አባታችን ዘንድ ቀርባ ነበር፤ ያን የቀረውን ዘፈን አሁን ይስሙት ብላ። አባታችን ስልኩን በእጃቸው መለሱላት። «ለእኔ ነው ያዘጋጀው። ስሰማው ፊቴን ሊያይ ነበር የፈለገው። አሁን ማን ያየኛል?» አሉ።

እግዚአብሔር የወንድማችንን ነፍስ ቅዱሳኑ በሚያመሰግኑበት ደጅ ያቁምልን። ለአባታችንም ዛሬን የሚሻገሩበት ጉልበት ይስጥልን። አሜን።