ብጉንጅ ያስለመናቸው አያታችን

ለምወድሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ካይሮ ተቀምጣ በሽተኛ ስታስታምም የምትውልን ነርስ «ጤናሽ እንዴት ነው?» ማለት ዓሣን «ጠማሽ ወይ?» እንደ ማለት ነው። ግን አያታችን «መጀመሪያ ጤናዋን ጠይቂ!» ብለው ከኋላዬ ቆመው ነበር። ይኸው ጠየቅሁሽ። አሁን ለሶላት ስለወጡ እውነቱን ልጻፍልሽ። በስልክማ እንዳልነግርሽ በር ላይ ያዳምጣሉ።

«ሁለቱ ሽማግሌዎች አንድ ምንጣፍ ላይ ካልተቀመጡ ሠርጌ ይቅር» ካልሽ ወዲህ እማዬ እንቅልፍ አጥታለች። አያታችን ከወንድማቸው ከሻዝሊ ጋር እንደተኳረፉ ነበሩ። ለጉልበታቸው ቁርጥማት እስከ አንገታቸው ትኩስ አሸዋ ውስጥ የቀበሯቸው ሻዝሊ አይደሉ? ቀብረዋቸው «ሻይ ቀምሼ መጣሁ» ብለው ሄዱና ዶሚኖ ጀመሩ። ፍየል መጥታ ጥምጣማቸውን ስትግጥ ከአያታችን አካል የሚንቀሳቀሰው ምላሳቸው ብቻ ነበር። እስከ ዛሬ «እኔን ቀብሮ ዶሚኖ!» ይላሉ። ጉልበታቸው መዳኑን ግን አንድም ቀን አያነሱትም።

በቀደም ደግሞ ቴምር ሲለቅሙ በዋለ እጃቸው ዐይናቸውን አሽተው የግራ ዐይናቸው ቆብ ላይ ብጉንጅ ወጣ። «የሻዝሊ ክፉ ዐይን ነው» አሉ። እማዬ «አባባ፣ በየደጁ ዳቦ ካልለመኑበት አይለቅዎትም፤ ደግሞ አንድ በር ከተዘለለ መድኃኒቱ አይሠራም» ስትላቸው ተቆጡ። «ስንት ጀልባ የመራሁ ሰው ዳቦ ልለምን?» የመንደራችን የመጨረሻ በር የማን እንደሆነ መቼም ታውቂያለሽ።

እኔ ያንቺን ምክር ያዝኩ። ንጹሕ ጨርቅ ሙቅ ውኃ ውስጥ እየነከርኩ፣ እየጨመቅሁ፣ በቀን ደጋግሜ ዐይናቸው ላይ አኖርኩ። ላፍርጠው ሲሉ እጃቸውን መታሁ። (ደስ ሲል!) ሐሙስ ዕለት ዐይናቸው እንደ ሕፃን ዐይን ጠራ።

ዓርብ ጠዋት ያንኑ ዐይናቸውን በጨርቅ ጠፍንገው አስረው «ተነሺ፣ ልመና እንውጣ» አሉኝ።

«ድነዋልኮ!» ብላቸው፣

«አንቺ ሐኪም ነሽ? ውስጥ ለውስጥ ያመኛል!»

ወጣን። ለማኙ ዝም ማለት ሲገባቸው፣ ጎረቤታችን ደሃብ የሰጠቻቸውን ዳቦ አገላብጠው አይተው «ታችኛው አሯል» አሉ። «ለማኝ ሆነውም ያማርጣሉ?» ብላ በሳቅ ሞተች። የመጨረሻው በር ላይ ግን ከኋላዬ ቆሙ። ያንኳኳሁት እኔ ነኝ።

ሻዝሊ ከፈቱ። ከላይ እስከ ታች አዩዋቸው።

«ለማኙ፣ የትኛው ዐይንህ ነው የታመመው?»

«የታሰረው ነዋ! አይታይህም?»

ሻዝሊ ገብተው ቆዩ፤ የማይመለሱ መሰለኝ። ሲመለሱ ትኩስ ዳቦ ይዘዋል፤ ከዳቦው ሥር አዲስ ነጭ ጥምጣም። የሱቁ ወረቀት እንዳለ ነው፤ ወረቀቱ ግን አቧራ ጠጥቷል። አያታችን ተቀብለው ሳያመሰግኑ ሄዱ፤ መንገድ ላይ ግን ያሰሩት ጨርቅ ብቻ ሳይሆን ሌላኛው ዐይናቸውም ራሰ። «አቧራ ነው» አሉኝ።

በማግስቱ በራችን ተንኳኳ። ሻዝሊ ናቸው፤ ግራ ዐይናቸውን አስረዋል። «ብጉንጅ ያዘኝ። ለምኜ ልዳን» አሉ። አያታችን ከውስጥ ሆነው «ያዘህ? ከኔ ተጋብቶብህ ነው! ግባ፣ ለማኝ ቆሞ አይበላም!» ብለው ጮኹ። አንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ፉሉን ጠራርገው በሉ፤ ስለ ፍየሏ እየተጨቃጨቁ። ስለዚህ ቀሚስሽን አሰፊ።

አንድ ነገር ግን አንቺ ነርስ ነሽና ጠይቂልኝ፦ ሰው ፉል ሲበላ ብጉንጅ ከግራ ዐይን ወደ ቀኝ ዐይን ይሄዳል ወይ? ሻዝሊ በልተው ሲነሱ ጨርቁ የቀኙ ላይ ነበር። አያታችን አይተው «በርታ፣ ይሻልሃል» ብለው በሁለት እጃቸው አጠበቁላቸው።

አላህ እጅሽን ለበሽተኛ ሁሉ ፈውስ ያድርገው፤ ሠርግሽንም በሳቅ ይሙላው።

ሽማግሌ የምታስታምመው ታናሽ እህትሽ