ግድግዳ ላይ የወጣው ኪሎህ

ቦርጬ ወንድሜ፣ ሰላምታዬ ከነሳቄ ይድረስህ!

እኛ ቢሮ አንዲት የሐይቅ ግራፍ ለመሥራት ጣቴ እስኪያብጥ ማውስ ስጫን እውል የለም እንዴ? እዚህ ለሥልጠና በመጣሁበት አገር ግን ትእዛዙን አንዴ በስክሪፕት ከጻፍክለት ሶፍትዌሩ ፋይሎቹን እየከፈተ ራሱ ይስላል። ዛሬ የሥልጠናችን ፈተና ነበርና ስክሪፕቴን በአስተማሪዎቹ ፊት አስነሳሁት። የሐይቆቹ የውሃ መጠን ተራ በተራ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ሲወጣ ደረቴን ነፋሁ። ለካ «ፎልደሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ሳል» ብዬው ኖሯል! በግራፍ አሳየኝ ብለህ የላክልኝ የክብደትህ ሰንጠረዥም እዚያው ነበር። ኪሎህ ከወር ወር ሽቅብ እየወጣ ግድግዳውን አክሎ ቁጭ አለ።

ዋናዋ ፈታኝ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ «ይሄኛው ሐይቅ በበጋም ይሞላል እንዴ?» አሉኝ።

«ገባሩ ብዙ ነው» አልኳቸው።

«መፍሰሻስ የለውም?»

«ለጊዜው አልተገኘለትም።»

ተደንቀው አሳለፉኝ። አሁን «እንዲህ ያለውን ሐይቅማ በዓይናችን ማየት አለብን» ብለው ወደ እኛ አገር ለመምጣት እየተሰናዱ ነው።

የፖስታ ካርዱ ቦታ አለቀብኝ። ሚስትህን ሰላም በልልኝ፣ ልጆቹን ጉንጫቸውን፣ እማማን ጉልበታቸውን ሳምልኝ። አንተ ግን አደራህን፣ ሰዎቹ እስኪመጡ ኪሎ እንዳትቀንስ!