ከማዶ ስልክ ሲመጣ

ይድረስ ለእማዬ፣ በቁጣ አሳድጋ በናፍቆት ለምታስበኝ። እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ? ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮ ቀድሞ የሚናገረው ጉልበትሽ ዛሬም ትንቢቱን አልተወም? እህቴ እታለምስ ደህና ናት? ድመታችንስ ወተት መስረቋን ተወች፣ ወይስ እኔ ከሄድኩ ወዲህ የምታሳብቢባት እሷ ብቻ ቀረች? እኔ ከናፍቆትሽና ከጫማዬ ቀዳዳ በቀር ደህና ነኝ።

እንደምታውቂው ከድንበሩ ድልድይ አጠገብ፣ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ክፍል ውስጥ ተላላኪ ነኝ። ወንዙ ከጎረቤት አገር ወርዶ፣ በእኛ በኩል አልፎ ነው አንቺ ደጅ የሚደርሰው። ሁለቱ አገሮች አሁን ተስማምተዋል። እነሱ ዘንድ ውኃው ሲሞላ በሬዲዮ ይነግሩናል፣ እኛ ደግሞ ታች ላላችሁት እንደውላለን። አንቺ ግን ያኔ ግድግዳችንን ውኃ ሲወስደው ማዶዎቹ የት ነበሩ፣ በእነሱ ወሬ ቤቴን ጥዬ አልወጣም ብለሻል አሉ። እታለም ይህን ከነገረችኝ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። እኔና እንቅልፍ እንዴት እንደምንዋደድ ታውቂያለሽና ነገሩ ቀላል እንዳይመስልሽ።

ባለፈው ሳምንት የሁለቱም አገር ሰዎች አብረው ልምምድ አደረጉ። በስምምነቱ መሠረት የእኛ አዳኞች ተሻግረው የእነሱን ሰው፣ የእነሱ ደግሞ ተሻግረው የእኛን ሰው ያወጣሉ። እግሩ የተሰበረ ሰው ያስፈልግ ነበርና አለቃችን መተኛትና ማቃሰት የሚችል ማን እንደሆነ ቢጠይቅ ሁሉም ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። እግሬን በጨርቅ ጠቅልለው ወንዙ ዳር አጋደሙኝ። አቃሰትኩልሽ። ከትምህርት ቤት ለመቅረት ስንት ዓመት የተለማመድኩት ሙያ ነው፣ መቼም አንቺ ምስክሬ ነሽ።

ደወሉ ተደወለ። ሁለቱም ወገን የየራሱን ቃሬዛ ተሸክሞ ሲሮጥ ጠባቡ ድልድይ መሃል ላይ ተገናኘ። የእኛዎቹ እናንተ እንግዶች ናችሁ፣ ቅደሙ አሉ። እነሱም ኧረ በእናንተ ፊት፣ እንዴት ተደርጎ አሉ። እናንተ ቅደሙ፣ አይሆንም እናንተ፣ ጎንበስ ቀና፣ ጎንበስ ቀና። ጎርፉ የእውነት ቢሆን ኖሮ እነሱ ሲከባበሩ እኔ ተንሳፍፌ አንቺ ደጅ እደርስ ነበር። ማቃሰቱ ቢሰለቸኝ በተሰበረው እግሬ ዳገቱን ሮጬ ወጣሁና ታማሚው ራሱ መጥቷል፣ ተስማሙና ውሰዱኝ አልኳቸው። አለቆቹ ሊቆጡ አፋቸውን ከፍተው ሳቅ አሸነፋቸው። አሁን ደንቡ ተለውጧል፤ ከላይኛው አገር የመጣ ይቀድማል፣ መግደርደር ክልክል ነው።

ሬዲዮው ላይ ሁልጊዜ የምሰማውን የማዶ ሰው በዓይኔ ያየሁት ያን ዕለት ነው። ድምፁ ግዙፍ አስመስሎት ነበር፤ ለካ እንደ ሽቦ የቀጠነ ሽማግሌ ነው። ቋንቋችንን እየሰባበረም ቢሆን ይናገራል። ስለ አንቺ አጫወትኩት፤ ያኔ የት ነበሩ ማለትሽንም አልደበቅኩትም። አልተቀየመም። ድልድዩን ተደግፎ ቁልቁል ውኃውን እያየ «ያኔም ውኃው ሲያልፍ አይቻለሁ። የምነግረው ሰው አልነበረኝም» አለኝ።

አሁን ልብ ብለሽ ስሚኝ። ዝናቡ ደርሷል። እኔ ብደውልልሽ ይሄ ቀልማዳ ደግሞ ጀመረው ብለሽ ጆሮዬ ላይ እንደምትዘጊው አውቃለሁ፤ አልፈርድብሽም። ስለዚህ ሽማግሌውን ለመንኩት፣ አለቆቻችንም ፈቀዱ። ውኃው የሞላ ዕለት የሚደውልልሽ እሱ ራሱ ነው። «እናቴ፣ ውጪ» ብቻ ነው የሚልሽ። ያስጠናሁት እኔ ብሆንም ሌላ ቃል አላስገባሁበትም፣ አትጠርጥሪኝ። ያኔ እንዳትከራከሪው፣ ጤናውንም እንዳትጠይቂው፤ ቀጥ ብለሽ ዳገቱ ላይ ወዳለው ትምህርት ቤት ውጪ። እኔን ባታምኚ ግድ የለም፣ እሱን እመኚው። በሕይወቱ ቀልዶ አያውቅም፤ ላስለምደው ሞክሬ አቅቶኛል። ቤቱን ውኃ ቢወስደው መጥቼ ጭቃውን አቦካለሁ። አንቺን ከወሰደሽ ግን ማን ይቆጣኛል?

ለእታለም ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ስልኩን ቻርጅ ታድርገው፣ በወሬም መስመሩን እንዳትይዘው። ልጇን ድንቡሼን ጉንጩን ሳሚልኝ፤ እስኪያለቅስ ድረስ አይሁን እንጂ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊውም ደህና ይሁኑ፤ ስትወጪ እሳቸውንም አንኳኪላቸው፣ ጆሯቸው ከብዷል። ድመቷን እቀፊያት፣ ሌባም ብትሆን የቤት ሰው ናት።

የምትቆጪው ልጅሽ

ከድልድዩ ራስ፣ ከሬዲዮው ክፍል
ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ቅዳሜ ከሰዓት