ሐራጅ ባዩ እንደገና ወደቀ

ለምወድህ ወንድሜ ሮይስ፣

እንደምን ከርመሃል? የአላስካ ብርድ እንዴት ይዞሃል? ጉልበትህስ ተሻለህ ወይስ አሁንም መርከቡ ላይ እያነከስክ ነው መረብ የምትጎትተው? እኛ ደህና ነን፤ ይሄ ደህና ከተባለ። የእማማ ስኳር ከፍ ዝቅ ይላል፣ አፏ ግን የድሮው ነው።

የአባባን ጉዳይ ጠይቀኸኝ ነበር። የሬስሊንግ፣ የትግል ትርኢቱ፣ ዝነኞች አዳራሽ ሰዎች ስሙን ለድሮ ታጋዮች ምርጫ ከያዙት በኋላ፣ "ሲሸነፍ ብቻ ነው የምናየው፤ አዳራሹ የገባ አንድ ሰው ይመስክርለት" አሉ። እውነታቸውን ነው። ሐራጅ ባዩ ተብሎ ጥቁር ኮቱን ለብሶ ደወሉን እያንቃጨለ፣ "ይሄ እርሻ የማነው? ተሸጠ!" እያለ ወደ ትግሉ መድረክ ሲገባ ተመልካቹ ገበሬ ሁሉ ይተፋበት አልነበር? ከዚያ ገበሬው ኮይ ሌድቤተር አንስቶ ያፈርጠዋል፣ አገር ይደሰታል። የኮይን ስም ያቆመው የአባባ አወዳደቅ መሆኑን የሚያውቅ፣ በሕይወት ያለ ሰው ቢኖር አዳራሹ የገባው ራሱ ኮይ ነው። በጓሮ በር ገብቶ የእማማን የተጠበሰ ዓሣ ሲበላ፣ እኛ ትምህርት ቤት ትንፍሽ እንዳንል ስንመከር ትዝ ይልሃል? በአደባባይማ ሰላም ተባብለው አያውቁም፤ ትግሉ ተስማምተው የሚሠሩት ትርኢት ቢሆንም፣ ተመልካቹ የእውነት ጠበኞች ናቸው ብሎ ማመን ነበረበት።

እናም ባለፈው እሁድ ጃክሰን ከተማ፣ ኮይ ወዳለበት የአረጋውያን ቤት ሄድን። አባባ ክራቫቱን አስሯል። ኮይ ገና ሲያየው ዓይኑ ፈጠጠ። "አንተ ሌባ! ደግሞ የአባቴን መሬት ልትሸጥ መጣህ?" አለው። አባባ የሚቀልድ መስሎት ሳቀ። "ተው እንጂ ኮይ፣ እኔ ነኝ፣ ቨርሊን።" "ቨርሊን የሚባል አላውቅም! ወንድ ከሆንክ ና!" የኮይ ልጅ ሎሬታ ጠጋ ብላ፣ "ከፋሲካ ወዲህ እንዲህ ነው፤ ያ ሁሉ ጠብ የእውነት ይመስለዋል። እኔም አንዳንዴ እጠፋበታለሁ" አለችኝ።

ኮይ ተንገዳግዶ ተነሳና አባባን በጥፊ አለው። ዝንብ እንኳ አያባርርም ጥፊው! አባባ ግን፣ ያ ዳሌው በብረት የተጠገነ ሽማግሌ፣ እጁን ዘርግቶ "ማረኝ!" እያለ ወደ ኋላ ተንደረደረ፤ አልጋው ላይ፣ ከአልጋው ወለሉ ላይ ዘጭ! ሽማግሌዎቹ አጨበጨቡ። ኮይ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ፣ ፊቱ በራ። ነርሷ እየጮኸች መጣች። እኔ ላነሳው ሳጎነብስ፣ "ቆይ፣ ትንሽ ይጨብጨብለት" አለኝ።

ምስክራችን በዚሁ ቀረ። ለአዳራሹ ሰዎች "ኮይ አእምሮው ከድቶታልና ያለ ምስክር እዩልን" ብዬ ልጽፍ ነበር። አባባ መኪና ውስጥ ትከሻውን ይዞ እያቃሰተ፣ "ገበሬው ኮይ ጃጀ እንዲባል ነው? ዕድሜ ልኬን ያቆምኩትን ሰው አሁን ልጣለው?" ብሎ ተቆጣኝ። አንተም እንዳትጽፍ ብሏል። ምርጫው በዚህ ወር ይዘጋል፤ ሌላው ከዓመታት በኋላ ነው፤ አባባን ሳየው ዓመታት የሚባል ነገር አይታየኝም።

ለባለቤትህ ለጆሊን፣ ለትንሿ ዴላ ሰላምታዬ ይድረስ። እማማ ካልሲህን ደርበህ ልበስ ትልሃለች። አባባም ሰላም ብሎሃል። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ያን የድሮ ደወሉን እየወለወለ ነው። ምን ሊያደርግልህ ነው ብዬ ብጠይቀው፣ "እሁድ ኮይ ይጠብቀኛል" አለኝ። ክንዱ እኮ ገና ከደረቱ በላይ አይነሳም።

እህትህ ኔልዳ
ዳየርስበርግ፣ ቴነሲ
ኖቬምበር 3 ቀን 2011