ቀለበቷን አትሳቢ

እህት ዓለም፣

ከቁልፍሽ ጋር ያንጠለጠልኳት ቀይ ነገር ጌጥ አይደለችም። ቤት ውስጥ ቀለበቷን እንዳትስቢ! አከራያችን ልባቸውን ያማቸዋል።

የክሊኒካችን አለቃ «ሕግ የሚፈቅደው፣ ሰው የማይገድል መከላከያ ለሠራተኞቹ ምረጥ» ሲለኝ መጀመሪያ በርበሬ የሚረጨውን አሰብኩ። ግን በዚያች በምትሠሪባት ጠባብ ካርድ ክፍል ከረጨሽው፣ ከጠበኛው ቀድመሽ የምታለቅሺው አንቺ ነሽ።

ዱላውንማ ተይው። ማማሰያ ስትይዢ እንኳ እፈራሻለሁ።

ስለዚህ ቀለበቷ ሲሳብ የምትጮኸዋን መረጥኩ። ሻጩ «ሰፈር ታስነሳለች» ሲለኝ አንቺ ስትዘፍኚ ትዝ አለኝ።

ትናንት ካርድ ክፍል ውስጥ ያ ጠበኛ ታካሚ ክንድሽን ጨምድዶ ሲይዝሽ፣ የክሊኒኩ በር ላይ ቆሜ ጩኸትሽን አልሰማሁም። «ደንቆሮ ዘበኛ» ብለሽኝ አኩርፈሽ ተኛሽ።

እሺ።

ዛሬ ሥራ ላይ ማንም ከነካሽ ቀለበቷን ሳቢያት።
ደንቆሮም ይሰማታል።